«ውሃ ነው የገዛኸው»፦ የደረቅ እንጨት ታሪክ ከእንጦጦ እስከ ሐዋሳ

ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ሐዋሳ፣ አንድ የአህያ ጋሪ ሙሉ እንጨት ገዛሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮድ ስጽፍ የምውል፣ ምድጃ ሲባል የኤሌክትሪኩ ብቻ ትዝ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። ግን እማዬ ከእኔ ጋር ልትኖር መጣች። የተከራየነው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ቆጣሪው ከአከራዮቻችን ጋር የጋራ ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። አከራያችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ተጠቀሙ፤ ምጣዷን ብቻ ተዉልን» አሉ። እማዬም «ምን ችግር አለው፣ በእንጨት እጋግራለሁ፤ ሳድግ በምን የጋገርኩ መሰለህ?» አለችኝ።

ጋሪ ነጂው ልጅ እንጨቱን ሲያራግፍ በራሴ ኮራሁ። ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው አፍንጫ የሚከፍት ባሕር ዛፍ ነው። ከባድ መሆኑን እንደ ጥራት ቆጠርኩት። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፣ አንዱን ፍልጥ አነሳች፣ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«በስንት ሰጠህ?»

ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ልጄ፣ ውሃ ነው የገዛኸው።»

ያን ክረምት እንዴት እንዳለፈ ብዙ መናገር አልፈልግም። እንጨቱ ይነዳል ከማለት ያለቅሳል ማለት ይቀላል፤ ከጫፉ አረፋ እየደፈቀ ይንሰቀሰቃል። ማድ ቤቷ ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ናት። እማዬ ድሮም ደረቷ ደህና አይደለም። ሌሊት ሌሊት ሳሏን በግድግዳ በኩል እሰማለሁ። ነሐሴ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመረመረቻት ነርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ዕድሜዋ አልነበረም፤ «በምንድን ነው የምታበስሉት?» ነበር። መልሱን እማዬ ስትመልስ እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር አነባለሁ።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ሐፍረት ነው። እንጨት ማድረቅ እንዴት እንደሚሠራ ልማር ብዬ ጀመርኩና፣ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት የአገር ታሪክ ሆነ።

ፍልጥ ውስጥ ያለው ውሃ

መጀመሪያ ሂሳቡን እንጨርስ፤ ኢንጂነር ነኝና ያለ ሂሳብ አላምንም።

ዛሬ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። የእማዬ አባባል ቅኔ አልነበረም ማለት ነው፤ ከከፈልኩት ብር ግማሹ በእርግጥም የውሃ ዋጋ ነበር። ችግሩ ደግሞ ውሃው ዝም ብሎ አይቀመጥም። እሳቱ እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ውሃውን አሙቆ ማትነን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ውሃ 2.6 ሜጋ ጁል ገደማ ይበላል። ፍጹም ደረቅ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት 18 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት አለው ብለን ብንነሳ፣ ግማሹ ውሃ የሆነ አንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት ተቀናንሶ የሚተርፈው 8 ገደማ ነው። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ የወረደው ግን 14 ገደማ ይሰጣል። በሚዛን እኩል፣ በእሳት ግን እጥፍ ሊሞላ የቀረበ።

የባሰው ሌላ ነው። ውሃው እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። እንጨት ሲሞቅ የሚወጣው ጋዝ ለመቃጠል ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ካላገኘ ሳይቃጠል ይወጣል። ያ ነው ጭስ። ስለዚህ የእርጥብ እንጨት ጭስ ያልተጠቀምንበት ማገዶ ነው፤ ምጣዱን ትቶ ደረት ውስጥ የሚገባ ማገዶ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ይህን ቁጥር ድሮም አውቀው ነበር። የእማዬ ሳል በግድግዳው እስኪሰማኝ ድረስ ግን ቁጥር ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጊዜ። እንጨቱን ቆርጠህ፣ ፈልጠህ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረህ፣ ንፋስና ፀሐይ ሥራቸውን እስኪጨርሱ መጠበቅ። ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን «መጠበቅ» የሚለው ቃል ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ያኔ አልገባኝም ነበር።

እንጨት ያባረራቸው ነገሥታት

ትምህርት ቤት ስንማር ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደነበር ተነግሮናል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን ቆይቶ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቷል፤ ሺዎች የሚኖሩበት፣ ሲነሳ ደግሞ ሜዳ ብቻ የሚቀርበት ከተማ። የጂኦግራፊ ተመራማሪው ሮናልድ ሆርቫዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ስለነዚህ «ተንከራታች መዲናዎች» ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል። ለመዘዋወሩ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት፣ ግብር፣ ቀለብ። ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በጣም ተራ ነገር ነው፦ ማገዶ። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሰፍሮ በየቀኑ እንጀራ ሲጋግር፣ ወጥ ሲሠራ፣ ጠላ ሲጠምቅ፣ ብርድ ሲሞቅ፣ ዙሪያው ያለው ደን በጥቂት ዓመት ያልቃል። ሲያልቅ መነሳት ነው።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ አዲስ አበባ ላይ ተጻፈ። ምኒልክ ከአንኮበር ወዲህ ብዙ ቦታ ሰፍረዋል። እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ቦታው ለመከላከል ጥሩ ነው፤ ለመኖር ግን ብርዱና ንፋሱ አያስቀምጥም፣ እንጨቱም ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውሃው ያለበትን ሜዳ ወደዱት። 1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» የተባለው ሰፈር ተቆረቆረ።

አዲሲቱ አበባ ግን ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የእንጦጦ ዕጣ ደረሳት። ከዓድዋ በኋላ ሕዝቡ በዛ፤ በዙሪያው ያለው ጥድና ወይራ ራቀ። ማገዶ ለማምጣት የሚሄደው መንገድ በየዓመቱ ይረዝማል። 1893 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደን ባለበት ቦታ፣ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙ «አዲስ ዓለም» ተባለ። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ መንገድም ተቀየሰ። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ የምናውቀው ቦሌ፣ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ይሄ ሁሉ ሳይኖር፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት የተተወች የድንኳን ሜዳ ሆና ልትቀር ነበር።

ያዳናት ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣ ዘር አገር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው አስመጪ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ «ባሕር ዛፍ» ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል፣ ለተከለም ሰው የግብር ማበረታቻ እንዲሰጥ አደረጉ። መኳንንቱም ተራው ሕዝብም ተከለ። የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም ማርያም የምንላት እሷ ናት። መዲና ለመሆን የታሰበ ከተማ፣ አንድ ዛፍ ስለበቀለ ብቻ ገጠር ከተማ ሆኖ ቀረ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል፦ ችግር ነበር፣ ባሕር ዛፍ መጣ፣ ተፈታ። እኔም እዚህ ላቆም ነበር። ግን የእኔ ችግር የእንጨት መጥፋት አልነበረም። እንጨት ነበረኝ፤ ያውም ባሕር ዛፍ። የጎደለኝ ሌላ ነው።

የበጋ ሥራ፣ የክረምት ሂሳብ

«እናንተ ቤት እንጨት እንዴት ነበር የምታደርቁት?» ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። ያደገችው ይርጋለም አጠገብ ገጠር ውስጥ ነው። የጥያቄው ሞኝነት አሳቃት። «ማድረቅ የሚባል ሥራ አልነበረም እኮ» አለች። «በጋ ነው እንጂ የሚያደርቀው።»

ቀስ ብላ ስትነግረኝ ግን ሙሉ ሥርዓት እንደነበረ ገባኝ። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ወንዶቹ ግንድ ይቆርጣሉ፣ ይፈልጣሉ። ፍልጡ ከቤቱ ጣሪያ ክንፍ ሥር፣ ዝናብ በማይነካው ንፋስ በሚያገኘው በኩል ይደረደራል። ሴቶቹና ልጆቹ ጭራሮ ይለቅማሉ፤ እሱ የዕለቱ ማገዶ ነው። የተደረደረው ግን አይነካም። ከምድጃው በላይ ደግሞ ቆጥ አለ፤ ነገ የሚነደው እንጨት ዛሬ እዚያ ላይ ወጥቶ በጭሱ ሙቀት የመጨረሻውን እርጥበት ያወጣል። የዛሬው እሳት የነገውን እንጨት ያደርቃል። ይህንን የነደፈው ሰው ቢኖር ኖሮ ቢሯችን ውስጥ ሲኒየር ኢንጂነር ነበር የሚሆነው።

ሰሜኑም ያው ነው፣ መልኩ ቢለይም። ደኑ ቀድሞ ባለቀበት ደጋ ማገዶው ኩበት ነው፤ እበቱ በበጋ ተጠፍጥፎ ይደርቃል፣ ክረምቱ ሳይገባ ይከመራል። በዓላቶቻችንም ይህንን ያውቃሉ። ነሐሴ 12 ማታ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ለቡሄ ችቦ ይበራል። እስቲ ጠይቁ፤ በነሐሴ ደረቅ ችቦ ከየት ይመጣል? ቀደም ብሎ ያስቀመጠ ሰው ስላለ ነው። ልጅ ሆነን ችቦ ስናበራ እሳቱን ነው ያየነው፤ ከእሳቱ በስተጀርባ ያለውን የግንቦት ጥንቃቄ አላየንም።

እማዬ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። የተደረደረው እንጨት ከሐምሌ በፊት እንዳይነካ ሴት አያቴ ትቆጣ ነበር፤ በሁለት ምክንያት ግን ይነካል። አንዱ ጎረቤት ሴት ስትወልድ ነው፤ አራስ ቤት ጭስ አይገባም፣ ስለዚህ ከየቤቱ የደረቀው ይመረጥና ይሄድላታል። ሁለተኛው ለቅሶ ነው። «ደረቅ እንጨት የሌለው ቤት ለሰው የሚደርስበት የለውም» አለችኝ።

ማን ነው መጠበቅ የሚችለው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ደረቅ እንጨት ማለት እርጥብ እንጨት ሲደመር አምስትና ስድስት ወር ነው። ያንን ወር ለመጠበቅ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ቀድሞ የሚወጣ ገንዘብ ወይም ጉልበት፣ የሚደረደርበት ቦታ፣ እና ዛሬ የሚበላ ሌላ ነገር። ሦስቱ ያለው ሰው ደረቅ ያነዳል። የሌለው እርጥብ ገዝቶ ይስላል።

ታሪኩን በዚህ ዓይን ስታዩት ሌላ መልክ አለው። የምኒልክ ሠራዊት ደቡቡን ከያዘ በኋላ፣ ሲዳማን ጨምሮ፣ በገባር ሥርዓት ውስጥ ገበሬው ለተመደበበት ባለ መሬት እህል ብቻ አልነበረም የሚሰጠው። አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ እህል ያስፈጫል፣ እንጨትም ፈልጦ ያቀርባል። የአንዱ ቤት የደረቀ ክምር የሌላው ሰው የበጋ ጉልበት ነበር። የራሱን እንጨት የሚደረድርበትን ቀን ለሰው የሰጠ ገበሬ፣ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚያነድ መገመት አይከብድም።

አዲስ አበባም ባሕር ዛፍ ተከለች እንጂ የሚሸከመው አልተቀየረም። ከእንጦጦ ቁልቁል ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የለም። ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ጀርባ ላይ ታስሮ፣ ኪሎ ሜትሮችን። ዱሮ እኔም ሳያቸው የማስበው ስለ ሸክሙ ብቻ ነበር። አሁን ሌላ ነገር አያለሁ፦ እነዚህ ሴቶች እንጨቱ እስኪደርቅ መጠበቅ አይችሉም። ደረቅ ቢሆን ሸክሙ ይቀልላቸው ነበር፤ ግማሹ ውሃ ነዋ። ግን ጠዋት የተለቀመው ማታ መሸጥ አለበት፣ ማታ የሚበላው ከዚያ ነው። ስለዚህ ውሃ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ የሚገዛቸውም ከእነሱ የማይሻል ደሃ ነው፣ ውሃውን ገዝቶ ያስነዳል።

መንግሥታትም ተለዋውጠው ጉዳዩን ሞክረውታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በባለ መሬቶች እጅ የነበረውን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ ከመዲናዋ ዙሪያ የነበረው የግል ባሕር ዛፍም አብሮ ተወረሰ። ቆየት ብሎ መንግሥት በውጭ እርዳታ ለከተማዋ ማገዶ የሚሆን ደን አስተከለ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ደግሞ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ መጡ፤ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ሁሉም ጥሩ ሥራ ነው። ግን አብዛኛው ጥረት የሚጠይቀው «እንጨት እንዴት ይብዛ?» ወይም «እንዴት ይቆጠብ?» ብሎ ነው። እንጨቱ እስኪደርቅ ማን ይጠብቅ፣ የት ይቀመጥ የሚለው ለእናቶች የተተወ ጥያቄ ነው።

ከጨለለቃ ወዲህ

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ራስ መንገሻ ሥዩም ነበሩ። ከዚያ በፊት ቦታው አዳሬ የሚባል የሲዳማ ከብቶች ግጦሽ ነበር። ጎዳናዎቿ ሰፊ፣ ዛፎቿ የተተከሉ፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርድ የማታውቅ። እንደ እንጦጦ በማገዶ ምክንያት ትነሳለች ብሎ የሚያስብ የለም።

ግን ከከተማው ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላችሁ ጨለለቃን እዩት። እዚያ ሐይቅ ነበር። አንድ ሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ረግረግና የከብት መዋያ ሆኗል። ከላይ ያለው የወንዶ ገነት ተፋሰስ ደኑ ሲመናመን፣ እርሻው ሲሰፋ፣ አፈሩ ታጥቦ ወረደና ሞላው። ከዚያ ረግረግ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ደግሞ የሚገባው ሐዋሳ ሐይቅ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ገባር እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ የምናየው ውሃ ውስጥ የተራራው አፈር አለ። ጥፋቱ ሁሉ የማገዶ ነው አልልም፤ እርሻውም፣ ግንባታውም፣ ከሰሉም አለበት። ግን እዚያው ወንዶ ገነት፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ የአገሪቱ የደን ኮሌጅ መከፈቱ ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ የሰኔ ጋሪ እንጨት ሌላ ሂሳብ መጣበት። እርጥብ ስላነደድኩ ለአንድ እንጀራ ከሚያስፈልገው በላይ ዛፍ አቃጥያለሁ። ያልደረቀ እንጨት የሚጎዳው የእማዬን ደረት ብቻ አይደለም፤ ተራራውንም ነው።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ ለምን አይሆንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ መጨረሻው መሆን ያለበት እሱ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እኔም እንደ ሁላችሁም አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት! የአንድ ምጣድ ፍላጎት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። ግን በጉባና በእኛ ማድ ቤት መካከል መስመር አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ የጋራ ቆጣሪ አለ፣ «ምጣዷን ብቻ ተዉልን» የሚሉ አከራይ አሉ። ያ መንገድ እስኪያልቅ ድረስ እንጀራው ዛሬም ይጋገራል።

ቁጥር 1

ጥቅምት 2017 ላይ አከራያችንን ለመንኩ፤ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ሜትር ቦታ ፈቀዱልኝ። ለሙሉ ዓመት የሚሆን ባሕር ዛፍ አስመጣሁ፤ እርጥቡን ነው ያመጣሁት፣ ዘንድሮ ግን እያወቅሁ። ፈላጭ ቀጠርኩ። «ትንሽ ደረቅ ብሎ ቢፈለጥ አይሻልም?» ስለው ሳቀብኝ፤ ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ነው በቀላሉ የሚፈለጠው፣ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ያነጥራል።

አንዱን ፍልጥ መርጬ በማርከር «1» ብዬ ጻፍኩበትና በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፦ 1,840 ግራም። በየእሑዱ እየመዘንኩ በሰንጠረዥ መዘገብኩ። እማዬ «ሕፃን ያለህ ነው የምትመስለው» ትለኛለች፤ ሕፃን ግን እየጨመረ ነው የሚሄደው።

የመጀመሪያው ወር ላይ ተሳሳትኩ። ዝናብ ሸተተኝና ክምሩን በላስቲክ ዙሪያውን ጠቀለልኩት። በሳምንቱ ስከፍተው ከውስጥ ላብ ብሎታል፣ ጫፎቹ ላይ ሻጋታ ጀምሯል። ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ እኔ በር ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ በእማዬ ትእዛዝ ተሠራ፦ ከሥር ድንጋይና ሁለት አግዳሚ፣ ከላይ ብቻ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ንፋሱ። ለምን እንደሆነ በኋላ አነበብኩ፤ ዛፍ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ቁመቱን ተከትለው ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ እርጥበት በጎን ከሚወጣው ይልቅ በጫፍ በኩል ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል። እማዬ ቧንቧውን አታውቀውም፤ ጫፉን ግን ወደ ንፋስ ታዞራለች።

የሐዋሳ በጋ ረጅም አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ካልተጠቀምክበት መጋቢት ላይ ዝናብ ይጀምርሃል። ቁጥር 1 በታኅሣሥ 1,400 ግራም ደረሰ። የካቲት መጨረሻ ላይ 1,150 ላይ ቆመ። 690 ግራም ውሃ ከአንድ ፍልጥ። እማዬ ሰንጠረዡን አላየችውም፤ ሁለት ፍልጥ አንስታ አጋጨቻቸው። ኳ አለ፤ እንደ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ። «ደርሷል» አለች።

ሐምሌ ላይ እሳቱን ባያችሁት። ጭሱ ቶሎ ይጠፋል፤ ምጣዱ ቶሎ ይሰማል። ሳሏ ጨርሶ ሄደ አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ግን ሌሊት መተኛት ጀመረች፣ እኔም ጀመርኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከእኛ ኋላ ባለው ግቢ የተከራየች ልጅ ወለደች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው። እማዬ ልጠይቃት ብላ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ማድ ቤታቸው ከመኝታቸው አይለይም፣ የሚያነዱትም የዕለቱን እርጥብ ነው፤ ሕፃኑ እዚያ ጭስ ውስጥ ነው ያለው። በማግስቱ ከሥራ ቀና ስል፣ ክምሬ በግማሽ ጎድሏል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተናደድኩ። እስከ መስከረም መጨረሻ በሳምንት ስንት ፍልጥ እንደሚፈጅ አስልቼ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ ቆጥሬዋለሁ! ነሐሴን በምን ልትጋግሪ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ምን ልታደርገው ነበር የደረቀው?»

መልስ አልነበረኝም። ነሐሴን በቀረው፣ በምርጥ ምድጃና ከዕለቱ ገበያ ጋሪ ላይ እየመረጥን በምንገዛው አሳለፍን። ከመግዛቴ በፊት ሁለት ፍልጥ አጋጫለሁ፤ ነጋዴዎቹ አሁን ያውቁኛል። ቁጥር 1ን ክምሩ ውስጥ ፈለግኩት፤ የለም፣ ከሄዱት ጋር ሄዷል። ሰንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ላይ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

ሕፃኑ አሁን ሦስት ወር ሞላው። ጥቅምት ገብቷል። አከራያችንን ሁለት ሜትሩን አራት ሜትር እንዲያደርጉልኝ ጠይቄያለሁ፤ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ሲሉኝ ወደ እማዬ ጠቆምኳቸው።